የሪቻርድ ፓንክረስት አባት ጣልያን ከሆኑ ፓንክረስት የሚለው ስም ከየት መጣ?

የጉለሌው፦

ሰላም ቤቶች እንደምን ናችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ የሚያውቅ ካለ ብዬ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስትን መቼም በስም የማያውቅ የለም፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረች፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች እንግሊዛዊት ናት። ልጇ ፕሮፌሰር ሪቻርድም በ2017 አርፈው እዛው ሥላሴ ነው ያረፉት። ሰሞኑን ስለ እንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ሳነብ መሪያቸው ኤመሊን ፓንክረስት የምትባል ሴት ሆና አገኘኋት፣ የሲልቪያ እናት ናት። እስከዚህ ገብቶኛል። ትንሽ ወረድ ስል ግን የሪቻርድ አባት ሲልቪዮ ኮሪዮ የሚባል የጣልያን ስደተኛ ነው ይላል። ፈረንጅ ልጁን በአባት ቤተሰብ ስም ነው ሚጠራው ብለን ነው ምናውቀው፣ ታዲያ ሪቻርድ ኮሪዮ መባል ሲገባቸው እንዴት ፓንክረስት ሆኑ? ደግሞስ ኤመሊንም ፓንክረስት፣ ሲልቪያም ፓንክረስት፣ ሪቻርድም ፓንክረስት፣ ስሙ መጀመሪያ የማን ነው? እግረ መንገዳችሁን ትርጉሙን የምታውቁ ካላችሁ፣ ፓንክረስት የተባለ እንግሊዛዊ ሁሉ የነሱ ዘመድ ይሁን አይሁን የምታውቁ ካላችሁም ንገሩኝ። ዓመት ስትጽፉ ሁላችሁም በፈረንጅ አድርጉት እንዳንደባለቅ።

የኬንቷ፦

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም እኔ የምኖረው ይሄ ስም ከጥንት ጀምሮ በብዛት በሚገኝበት አገር ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንትና ሰሴክስ የሚባሉት ክፍለ ሀገሮች።

ከስሙ መጨረሻ ልጀምርልህ። ኸርስት በጥንቱ እንግሊዝኛ ዛፍ የሞላው ጉብታ ማለት ነው። ከለንደን ወደዚህ ስትመጣ የከተማውና የመንደሩ ስም ሁሉ በሱ ያልቃል፣ ቺዝልኸርስት፣ ስቴፕልኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ሆክኸርስት፣ ወደ ሰሴክስ ስትሻገር ደግሞ ዋድኸርስት፣ ቲስኸርስት እያለ ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ ድሮ ዊልድ የሚባል ትልቅ ጫካ ነበር፣ ሰዉ እየመነጠረ ሰፈረበትና ሰፈሩን በጉብታውና በዛፉ ጠራው። ዛሬም ከዋናው መንገድ ገባ ካልክ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከግራና ከቀኝ ዛፉ ከላይ ገጥሞ በጠራራ ፀሐይ የመኪና መብራት የሚያስበራ ቦታ አለ፣ እሱን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደበዛ ወዲያው ይገባዋል።

እንግሊዞች ራሳቸው ድሮ የሚወረስ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፣ አንድ ሰው አንድ ስም ነው። ኖርማኖች በ1066 መጥተው አገሩን ከያዙ በኋላ ነው ነገሩ እየተስፋፋ የመጣው፣ መሬት ሲመዘገብና ግብር ሲሰበሰብ በአንድ መንደር ውስጥ ስንት ጆን አለ፣ ስለዚህ ጸሐፊው ጆን አንጥረኛው፣ ጆን የሪቻርድ ልጅ፣ ጆን ቡናማው፣ ጆን ከእንትን መንደር እያለ ጻፈው፣ ቅጽሉ ቀስ በቀስ ወደ ልጅና ወደ ልጅ ልጅ መውረድ ጀመረ፣ በ1400 አካባቢ አብዛኛው እንግሊዛዊ ባለ ውርስ ስም ሆነ። ስሚዝ፣ ሪቻርድሰን፣ ብራውን የምትሏቸው ሁሉ እንዲህ የመጡ ናቸው። ፓንክረስት ከመጨረሻዎቹ፣ ከቦታ ስሞቹ ወገን ነው። የስም አጥኚዎቹ ፒንክኸርስት ከሚባል ቦታ ነው የመጣው ይላሉ፣ በሰሬይም በሰሴክስም ፒንክኸርስት የሚባል ቦታ አለ። በቃ ከዛ የመጣ ሰው ሌላ መንደር ሲገባ በመጣበት ተጠራ ማለት ነው።

ሁለተኛ መነሻም ይሰጡታል፣ እሱ ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው። ፔንቴኮስት፣ ማለትም በዓለ ሃምሳ፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የሰው ስም ነበር፣ በጰራቅሊጦስ ሰሞን ለተወለደ ልጅ የሚወጣ፣ እኛ ልደቱ ትንሣኤ ፋሲካ እያልን እንደምናወጣው። ኋላ የቤተሰብ ስም ሆነ፣ ፔንቴኮስት የሚባሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ታዲያ በሰሴክስና በኬንት ሰው አፍ ስሙ ሲዞር ሲዞር፣ አገሩም በኸርስት የተሞላ ስለሆነ ጆሮ የለመደውን ያዘና ጫፉ ወደ ኸርስት ተለወጠ ይባላል። ያኔ የተወሰነ ስፔሊንግ የለም፣ ቄሱም ጸሐፊውም እንደሰማው ነው የሚጽፈው።

እኔ እንደሚመስለኝ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፣ አንዱ ቤተሰብ ከቦታው ሌላው ቤተሰብ ከበዓሉ ሊመጣ ይችላል፣ ጽሕፈቱ ግን አንድ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ነው ፓንክረስት የተባለ ሁሉ ዘመድ ነው ማለት የማይቻለው።

ሳሪ ማንቸስተር፦

የኬንቷ እህቴ አገሩን ስለነገረችን እኔ ሰዎቹን ልቀጥል። እኔ ያለሁት ማንቸስተር ነው፣ ኤመሊን የዚህ ከተማ ልጅ ናት፣ ሐውልቷም ከ2018 ጀምሮ መሀል ከተማ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ወንበር ላይ ቆማ ስትናገር የሚያሳይ ሆኖ ተተክሏል።

ስሙ መጀመሪያ የኤመሊን አይደለም። እሷ በ1858 ሞስ ሳይድ ሰፈር ስትወለድ የቤተሰቧ ስም ጉልደን ነበር። ፓንክረስት የባሏ ስም ነው፣ ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት የሚባል ጠበቃ፣ በ1879 ተጋቡ፣ በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ ይበልጣታል። ሰውየው ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነው እንጂ ትልቅ ሰው ነበር፣ ኤመሊንን ገና ሳያውቃት በ1870 ለፓርላማ የቀረበውን የመጀመሪያውን የሴቶች ምርጫ ረቂቅ ሕግ ያረቀቀው እሱ ነው፣ ረቂቁ ወደቀ እንጂ። ያገባች ሴት ንብረቷ የባሏ ይሆናል የሚለው አሮጌ ሕግ እንዲቀርም ብዙ ደክሟል። በ1898 ድንገት ሞተና ኤመሊን ልጆችና ዕዳ ይዛ ቀረች።

ከዛ የያዘችው ሥራ ከዚህ ጥያቄ ጋር በጣም የተያያዘ ስለሆነ ልንገራችሁ፣ የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆና ተቀጠረች። ሴቶች ሕፃን ይዘው ይመጣሉ፣ ስም ታስመዘግባለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ሳይቀር ወልዳ የምትመጣበት ጊዜ ነበረ፣ አባትየው ምንም አይደርስበትም፣ ሸክሙ በእናቲቱ ላይ ነው። ኤመሊን ራሷ እዛ ጠረጴዛ ላይ ያየችው የሴቶች ኑሮ ሐሳቧን እንዳጠነከረው ጽፋዋለች። በጥቅምት 1903 ኔልሰን ስትሪት 62 ቁጥር ቤቷ ሳሎን ውስጥ የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረትን መሠረቱ፣ መፈክራቸው ወሬ ሳይሆን ሥራ የሚል ነበር። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ሳሎኑ ትንሽ ነው፣ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ለአዋቂነት የደረሱት ሴት ልጆች ሦስት ናቸው። ትልቋ ክሪስታቤል በ1906 በሕግ ተመረቀች ግን ሴት ስለሆነች ጥብቅና መቆም አልተፈቀደላትም፣ የትግሉን ስልት የምትነድፈው እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ ሲልቪያ ሠዓሊ ናት፣ የእንቅስቃሴውን ባነርና ምልክት የሠራችው እሷ ናት፣ ሆሎዌይ እስር ቤት ገብተው ለወጡ ሴቶች የሚሰጠውን ትንሽ የብር ደረት ጌጥ ጭምር፣ የፓርላማው የብረት መዝጊያ ቅርጽ ላይ የእስረኛ ልብስ ምልክት የሆነችው ቀስት ያረፈችበት ነው። ሦስተኛዋ አዴላ ናት። ኤመሊን በ14 ሰኔ 1928 ሞተች፣ ሴቶች እንደ ወንድ በ21 ዓመት እንዲመርጡ የፈቀደው ሕግ የጸደቀው ደግሞ በ2 ሐምሌ 1928 ነው፣ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከዛ በፊት በ1918 የተፈቀደው ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑና ንብረትን የሚመለከት መመዘኛ ላሟሉት ብቻ ነበር።

የጉለሌው፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። እንግዲህ ስሙ የጠበቃው ሆነ፣ ለሚስቱ አወረሰ። ግን የኔ ዋና ጥያቄ አልተመለሰም፣ ከሲልቪያ ወደ ሪቻርድ እንዴት ተላለፈ? ኮሪዮ የት ገባ?

ታሪክ ፈላጊ፦

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሲልቪያ ከእናቷና ከክሪስታቤል ጋር የተለያየችው ከልጁ በፊት ነው። እሷ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ሰፈር፣ ከፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ጋር ነበረች፣ ድሃዋ ሴት ሳትመርጥ ሀብታሟ ብቻ ትምረጥ የሚለውን አልተቀበለችም፣ በ1914 መጀመሪያ ክሪስታቤል ከኅብረቱ አስወጣቻት። በዛው ዓመት የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ እናትየውና ክሪስታቤል ጦርነቱን ደገፉ፣ ሲልቪያ ተቃወመች። በእስር ቤት የምግብ ብቻ ሳይሆን የውሃም የእንቅልፍም አድማ እያደረገች የወጣች ሴት ስለሆነች ማንም እንዲህ ሁኚ ብሎ አያዛትም ነበር።

ሲልቪዮ ኮሪዮ ከጣልያን ተሰዶ ለንደን የገባ አናርኪስት፣ ማለትም መንግሥት የሚባል ገዢ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን ነው፣ ሙያው ማተሚያ ቤት ነው፣ የጋዜጣ ፊደል መልቀምና መደርደር ያውቅበታል። አብረው መኖር ጀመሩ። ሲልቪያ ግን የጋብቻ ውል መፈረምንና የባል ስም መያዝን በመርህ አልቀበልም አለች። ሪቻርድ በታኅሣሥ 1927 ሲወለድ እሷ 45 ዓመቷ ነው። ኤመሊን በጣም ነው ያዘነችው፣ አግቢው አለች፣ ሲልቪያ እምቢ አለች፣ እናትና ልጅ ሳይታረቁ ሪቻርድ በተወለደ በስድስት ወሩ ኤመሊን ሞተች። ልጁ ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስት ተባለ። ሪቻርድ የጠበቃው አያቱ ስም ነው፣ ኪር ከሌበር ፓርቲ መሥራች ከኪር ሃርዲ፣ ፔቲክ ደግሞ ከትግል ጓደኛዋ ከኤመሊን ፔቲክ ሎውረንስ ነው። መጨረሻው የራሷ ስም።

ስለዚህ መልሱ እነሆ፣ ስሙ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በእናት በኩል ነው። ሲልቪያ እንደ ወጉ ኮሪዮን አግብታ ስሙን ወስዳ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ የምታውቀው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ኮሪዮን ነበር።

ዳኒ፦

አንድ ነገር ላስተካክል፣ በዛ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በእናቱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነበር፣ አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የሲልቪያን ጀግንነት አናጋንነው፣ የእውነት ጀግንነቷ ስለ ኢትዮጵያ የሠራችው ነው።

ታሪክ ፈላጊ፦

ዳኒ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ልማዱ እንደዛ ነበር። ልዩነቱ ግን ሌሎቹ ሴቶች አባትየው ስለሸሸ ወይ ስለካደ ነው በእናት ስም የሚያስመዘግቡት፣ ሳሪ ከላይ እንደነገረችን ኤመሊን ራሷ ስንቱን መዝግባለች። ኮሪዮ ግን አልሸሸም፣ በ1954 እስኪሞት ድረስ አብሯት ኖሯል፣ ማግባት ትችል ነበር፣ እናቷም ለምናታለች። ችግሩን ሳይሆን ምርጫዋን ነው ያስመዘገበችው። ደግሞም ታዋቂ ስም ያላት ሴት ስለነበረች ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ደብቃ መውለድ ስትችል አልደበቀችም። እኔ ይሄንን ከኢትዮጵያ ሥራዋ ለይቼ አላየውም፣ ያው ጠባይ ነው። ሙሶሊኒ ሲነሳ ብዙ የአውሮፓ ሰው ገና ሲያደንቀው እሷ ከኮሪዮና ከጣልያን ስደተኞች ጋር ስለነበረች ፋሺዝም ምን እንደሆነ ቀድሞ ገብቷታል።

በግንቦት 1936 ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ እሷ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረች፣ ኮሪዮ በጽሑፍም በኅትመትም አብሯት ይሠራ ነበር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ነው የወጣው እስከ 1956። ጃንሆይ በሰኔ 1936 ተሰደው ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው አንዷ እሷ ናት። ከነጻነት በኋላም አላረፈችም፣ እንግሊዝ በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ የነበራትን ፖሊሲ የራሷን መንግሥት እየወቀሰች ጽፋለች፣ የኤርትራ ወደብ መሣሪያዎች እየተነቀሉ ሲወሰዱ የጮኸች እሷ ናት። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ያሰባሰበችውም እሷ ናት፣ በ1951 ተከፈተ፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ለንደን ያላችሁ ዉድፎርድ ግሪን ብትሄዱ ትኖርበት የነበረ ሰፈር ላይ በ1930ዎቹ አጋማሽ ያስተከለችውን የድንጋይ ሐውልት ታገኛላችሁ። የአውሮፕላን ቦምብ በአፍጢሙ ወደ መሬት ሲወርድ ነው ቅርጹ፣ የአየር ድብደባን በመቃወም ነው፣ መንገድ ዳር ሆኖ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

የስድስት ኪሎው፦

ልጆች ተባረኩ፣ ደህና ነው የተወያያችሁት። እኔ ስለ ሪቻርድና ስለ ባለቤታቸው ስለ ሪታ ትንሽ ልጨምር፣ ስሙን ኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ያቆዩት እነሱ ናቸውና።

ሲልቪያ በ1956 በጃንሆይ ጋባዥነት ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፣ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚል መጽሔት እዚሁ ጀመሩ፣ መስከረም 1960 እስኪያርፉ ሠሩ። ቀብራቸው በመንግሥት ደረጃ ነው የተፈጸመው፣ ያረፉበትም ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ለአርበኞች በተለየው ቦታ ነው። ሪቻርድ ደግሞ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የተማሩ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ፣ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ተቋሙ ያለበት ቤት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ የታኅሣሥ 1960ው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ መኳንንቱ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የተረሸኑበት፣ ከዛ በኋላ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ዛሬ ሙዚየሙን ስትጎበኙ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ታያላችሁ፣ ከዛው ግቢ ውስጥ ደግሞ ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የድሮ የጉዞ ጽሑፍ፣ ብራና፣ የወረቀት ክምር ያገላብጣል። ያ ሁሉ እንዲሰበሰብ ሪቻርድ የደከሙት ድካም ለኔ ከመጽሐፎቻቸውም ይበልጣል፣ መጽሐፍ የአንድ ሰው ነው፣ ተቋሙ ግን ከዛ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈ ሰው ሁሉ የተጠቀመበት ነው።

ሪታ በትውልድ ከሩማንያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ናቸው፣ በ1957 እዚሁ አዲስ አበባ ተጋቡ። መጀመሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ኋላ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። እንግዲህ እዩት፣ አማቲቱ የባል ስም አልይዝም ያሉ፣ ምራቲቱ ግን የባላቸውን ስም ይዘው የኖሩ፣ ያ የባል ስም ደግሞ ከአማቲቱ የመጣ ነው። በ2019 አረፉ።

የአክሱም ሐውልትን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ጣልያን በ1937 ወደ ሮም ወሰደችው፣ በ1947ቱ የሰላም ውል በአሥራ ስምንት ወር እመልሳለሁ ብላ ፈረመች፣ ሳትመልስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሄደ። ሪቻርድ ይመለስ ብለው ኮሚቴ አቋቁመው፣ ጽፈው፣ ፊርማ አሰባስበው ሳይሰለቹ ከተሟገቱት ዋነኛው ናቸው። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ፣ በመስከረም 2008 ቆሞ ተመረቀ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ቅርስ ለማስመለስ የተቋቋመውን ማኅበርም ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። የአባታቸው አገር የወሰደውንም የእናታቸው አገር የወሰደውንም ይመለስ ብለው ነው የኖሩት።

አቤል ሜሪላንድ፦

ጋሼ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ በጣም ነክታኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ወደ ስሙ ነገር ልመልሳችሁና፣ ለጉለሌው ጥያቄ ምንጩ የኛ ስርዓት ከነሱ ስለሚለይ ነው። እኛ ጋ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም፣ ልጅም የአባቱን መጠሪያ ስም ነው የሚያስከትለው እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የሚገርመው በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም ይኖረዋል ብሎ ነበር፣ ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፣ እስካሁን በአባትና በአያት ነው ምንሄደው። ውጭ ያለነው ነን ሳናስበው ወደ እንግሊዙ ስርዓት የገባነው፣ ፓስፖርት ላይ ያለው የአያት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ተብሎ ይያዝና ልጆቻችን በቅድመ አያታቸው ስም ተጠርተው ያድጋሉ፣ ትምህርት ቤት ሲደውል የሚጠራው በሕይወት አይተውት የማያውቁትን ሰው ነው። የኬንቷ ስለ 1400 የጻፈችውን ሳነብ ይሄ በኛ ዘመን እየሆነ ያለ ነገር መሆኑ ታየኝ።

ከፓንክረስት ቤት ደግሞ በኛ አቆጣጠር የሪቻርድ ልጆች አሉላ ሪቻርድና ሄለን ሪቻርድ በሆኑ ነበር፣ ስሙ እዛው ይቆም ነበር። አሉላ ፓንክረስት አንትሮፖሎጂስት ነው፣ በ1980ዎቹ ረሃብ ጊዜ ስለተካሄደው ሰፈራ ያጠናው ጥናት በዘርፉ የሚነበብ ነው። ሄለን ደግሞ መንዝ ገጠር ውስጥ ከሴቶች ጋር ኖራ የሴቶችን ኑሮ አጥንታለች፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የቅድመ አያቷን ትግል የቀጠለች የሴቶች መብት ተሟጋች ናት።

ዳኒ፦

ስለ ሌሎቹ ሁለት እህቶች ማንም አልጨረሰም፣ ባጭሩ ልጨምር። ክሪስታቤል አሜሪካ ገብታ የክርስቶስን ዳግም ምጽአት የምትሰብክ ሰባኪ ሆነች፣ በ1936 እንግሊዝ ዴም የሚል ማዕረግ ሰጠቻት፣ በ1958 እዛው ካሊፎርኒያ አረፈች። አዴላን ደግሞ እናቷ በ1914 ሃያ ፓውንድና የአንድ መንገድ ትኬት ሰጥታ አውስትራሊያ ሰደደቻት፣ እዛ ቶም ዋልሽ የሚባል የመርከብ ሠራተኞች ማኅበር ሰው አገባች፣ በ1920 የአውስትራሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ ሲመሠረት ነበረችበት፣ በኋላ ግን ፈጽሞ ወደ ተቃራኒው ዞራ አክራሪ ብሔርተኛ ሆነችና በ1942 በጦርነቱ ጊዜ ታሰረች። ከአንድ ቤት የወጡ እህትማማቾች እንዲህ ሲራራቁ ያየሁት የለም፣ አንዷ ሰባኪ፣ አንዷ ሥላሴ የተቀበረች፣ አንዷ ሲድኒ።

የጉለሌው፦

ከጠበቅኩት በላይ ነው ያስተማራችሁኝ፣ ክበሩልኝ። የኬንቷ እህቴ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እንግሊዝ የሚኖር የእህቴ ልጅ የሥራ ጓደኛው ፓንክረስት ይባላል፣ የነሲልቪያ ዘመድ ነህ ወይ ሲለው አላውቅም አለው። ሰውየው ማወቅ ቢፈልግ በምን ነው ሚያጣራው?

የኬንቷ፦

ይችላል፣ አገሩ መዝገብ የሚወድ አገር ስለሆነ ከባድ አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው፣ የመዝገቡን ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በነጻ መፈለግ ይቻላል፣ ከራሱ ልደት ተነስቶ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ እያለ ወደ ኋላ ይሂድ። የጠበቃው የሪቻርድ ማርስደን ልደት ከ1837 ትንሽ ቀደም ስለሚል እሱ ጋ ሲደርስ የመንግሥቱ መዝገብ ያልቅበታል፣ ከዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው መሻገር ያለበት፣ ጥምቀትና ቀብር በየደብሩ እንዲጻፍ የታዘዘው በ1538 ነው፣ አብዛኛው በየክፍለ ሀገሩ መዝገብ ቤት ይገኛል። እዛ ጋ ሲደርስ ፓንክረስት ብሎ ብቻ እንዳይፈልግ ንገርልኝ፣ ፔንክኸርስትም ፒንክኸርስትም ፔንቴኮስትም ብሎ ይፈልግ፣ ያው ቄሱ እንደሰማው ነው የጻፈው። የእናትየውን ስም ደግሞ በየደረጃው ይዞ ይሂድ፣ ስሙ አንድ ቦታ ላይ በእናት በኩል ወርዶ ከሆነ የአባትን መስመር ብቻ የሚከተል ሰው እዛ ጋ ይጠፋበታል።